የእንጦጦ ሁለተኛ ረድፍ

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ከከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ተጀመረ። መንገዱ ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ ሲሆን፣ ማራቶን ሯጭ ከለመደው በላይ አቀበት የበዛበት ነበር። ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ፣ እጅግ ቀጥ ባለው አቀበት ላይ፣ ታምራት ቶላ ተነጥሎ ወጣ። የደረሰበት አልነበረም። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ከ16 ዓመት በፊት ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ ተሻሻለ። ኢትዮጵያም ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ከ24 ዓመት በኋላ የወንዶችን የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ መልሳ አገኘች።

ታምራት ግን ለዚያ ውድድር በቀዳሚነት የተመረጠ ሯጭ አልነበረም። ቡድኑ ሲታወቅ ሦስቱን ቦታ የያዙት ቀነኒሳ በቀለ፣ ደሬሳ ገለታና ሲሳይ ለማ ነበሩ፤ የታምራት ስም የሰፈረው በተጠባባቂነት ነው። ውድድሩ ሲቃረብ ሲሳይ ጉዳት ደረሰበትና ቦታው ለታምራት ተለቀቀ። ይህ ተጠባባቂ በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በ2023 የኒው ዮርክ ማራቶንን በ2:04:58 አሸንፎ የቦታውን ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኢትዮጵያ የዓለም ሻምፒዮን ተጠባባቂ ሆኖ የሚቀመጥባት አገር ናት። እንግዲህ ከተጠባባቂው ኋላ ስንት ሰው እንደተሰለፈ ማሰብ ነው። ከፊት ያሉትን ሦስትና አራት ስሞች ሁላችንም እናውቃለን። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ግን ስሙ በሬዲዮ አይጠራም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ዕድሜው ይሄዳል፣ ልምምዱ አይቋረጥም። ይህ ረድፍ የሚኖረው በአብዛኛው በአዲስ አበባ ዳርቻዎች ነው፤ ከመኖሪያዎቹ ዋና ዋናዎቹም አንዱ የካ ክፍለ ከተማና ከጀርባው የተዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት ነው።

ጎሕ ሳይቀድ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ የታክሲ ረዳቶችና የሯጮች። ሯጮቹ ከነኮፍያው ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ትንሽ ቦርሳ አንግተው፣ የክለባቸውን ሰርቪስ ይጠብቃሉ። ሰርቪስ የሌላቸው ታክሲ ይይዛሉ፤ የታክሲ ብር ያጠራቸው ከቤታቸው ደጃፍ ጀምረው ይሮጣሉ። በኮተቤና በካራ ሰፈሮች ሁለት ሦስት ሆኖ አንድ ክፍል መከራየት የተለመደ ነው። ፍራሽ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከአገር ቤት የመጣ በሶ፣ ከግድግዳው ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የሩጫ ጫማ፤ የብዙዎቹ ቤት ይኸው ነው። አብዛኞቹ የመጡት ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ነው። ቤተሰብ አንድ በሬ ሸጦ ወይም ወንድም ደመወዙን ቆርሶ የላከው ልጅ በእነሱ መካከል ብርቅ አይደለም።

ካራ ላይ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ አስፋልቱን ይተዉና ወደ ባሕር ዛፉ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ሩጫው በሰልፍ ነው። አሠልጣኙ የሰየመው ሰው ይመራል፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ከኋላው ይሰለፉና ዓይናቸውን ከፊታቸው ካለው ሯጭ ተረከዝ ላይ ይተክላሉ። መሪው ከዛፉ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሁሉም ይታጠፋል፤ ሥር ሲዘል ሁሉም ይዘላል። ቀጥ ብሎ መውጣት ስለሚያደክም ጫካውን እየተጠማዘዙ ያቋርጡታል። የሚሰማው ትንፋሽና የደረቀ ቅጠል ድምፅ ብቻ ነው። በማለዳው ጨለማ ጅብ ስለሚያጋጥም ብቻውን የሚወጣ ጥቂት ነው። ጎሕ ሲቀድ ከላይ የጭራሮና የቅጠል ሸክም ያጎነበሳቸው እናቶች ወደ ከተማው መውረድ ይጀምራሉ፤ ሯጮቹ መንገድ ይለቁላቸዋል።

የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው ማይክል ክሮውሊ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት እዚሁ ኮተቤ ተከራይቶ፣ ከእነዚህ ሯጮች ጋር እየተነሣና እየሮጠ ከአንድ ዓመት በላይ ኖሯል፤ በ2020 ያሳተመው መጽሐፍም ይህን ሕይወት ለውጭው አንባቢ አስተዋውቋል። እሱን ካስደነቁት ነገሮች አንዱ ሯጮቹ ለብቻ መሮጥን የሚያዩበት መንገድ ነበር። ለብቻ የሚሮጥ ሰው ለጤናው ይሮጣል፤ መለወጥ የሚፈልግ ግን ከሰው ጋር ይሮጣል፣ የሌላውን እግር ይከተላል፣ በተራውም ይመራል። ጉልበት የጋራ ሀብት ነው፤ ለሌላው ፍጥነት የያዘ ሰው ከራሱ ላይ እንደሰጠ ይቆጠራል።

አየሩ የሚሰጠውና የሚነሣው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ያለበት ጉብታ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሲሶ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ሲያውቅ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ መቅኔም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ደጋ ተወልዶ ያደገና ለዓመታት እዚያው የሮጠ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ሲወዳደር ትርፉን ያየዋል።

ይህ አየር ግን በነፃ የሚሰጠው ነገር የለም። በእንጦጦ ጫፍ ላይ በውድድር ፍጥነት መሮጥ አይቻልም፤ እግር ሳይደክም ሳንባ ይደክማል። ስለዚህ የአዲስ አበባ አሠልጣኞች ሳምንቱን በቦታ ይከፋፍሉታል። እንጦጦ ለለስላሳና ለአቀበት ሩጫ ነው፤ ሰንዳፋ ለኮረኮንችና ለረጅም አስፋልት፤ አቃቂ ዝቅ ስለሚልና አየሩ ስለሚሞቅ ለፍጥነት። ሯጮቹ ኮንዲሽን የሚሉት ብቃት የሚገኘው ይህ ሁሉ ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከዕረፍት ጋር ሲገጥም ነው። ኮንዲሽን ወራት ፈጅቶ ይመጣል፤ በአንድ ጉንፋን ወይም በአንድ የጅማት ሕመም ይሄዳል። አንዱን ሯጭ ፍራንክፈርት ማራቶን የሚያደርሰው፣ ሌላውን በሰፈሩ ጫካ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የተሰጥኦ ልዩነት ሳይሆን ብቃቱ የመጣበት ሳምንት ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነው። ወደ ውጭ ውድድር የሚወስድ ማናጀር ሯጩን የሚመዝነው በሰዓቱ ነው። ደጋ ላይ የተሮጠ ሰዓት ግን ዝግ ያለ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሮጠ ልጅ እውነተኛ አቅሙን በቁጥር ማሳየት ይቸግረዋል። ጥሩ ሰዓት ለማምጣት የውጭ ውድድር ያስፈልጋል፤ የውጭ ውድድር ለማግኘት ጥሩ ሰዓት ያስፈልጋል። በዚህ ክብ ውስጥ ሲዞሩ ዓመታት ያለፉባቸው ሯጮች በኮተቤ ብዙ ናቸው። ክቡን የሚሰብረው አንድም በአገር ውስጥ ትልቅ ውድድር ላይ መታየት ነው፤ ጃን ሜዳ ላይ፣ ወይም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ። አንድም አሠልጣኝ ለማናጀር ስለ አንድ ልጅ አፉን ሞልቶ መናገሩ ነው። ቪዛው ሲገኝ ደግሞ ያ አንድ ቀን የዓመታት ልፋት የሚቆጠርበት ቀን ይሆናል። ማናጀሩ ከሽልማቱ 15 በመቶ ያህል መውሰዱ የተለመደ ነው፤ የአገሩ ግብር ይቀነሳል፤ የቀረው ለቤት ኪራይ፣ ለዕዳና ለቤተሰብ ይከፋፈላል።

መሰላሉን አንድ በአንድ

በፓሪስ ቦታውን የለቀቀው ሲሳይ ለማ የዚህ ረድፍ ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ሊነበብበት የሚችል ሯጭ ነው። በአንድ ሌሊት የወጣ ኮከብ አይደለም። በ2015 ቪየናን በ2:07:31፣ በዚያው ዓመት ፍራንክፈርትን በ2:06:26 አሸነፈ። እነዚህ የተከበሩ ውድድሮች ናቸው፤ ነገር ግን የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች ከሚባሉት ውስጥ አይቆጠሩም። በ2016 ዱባይ ላይ 2:05:16 ሮጠ። በዚያ ሰዓት አራተኛ ወጣ። ከፊቱ የገቡት ሦስቱም፣ ተስፋዬ አበራ፣ ለሚ ብርሃኑና ፀጋዬ መኮንን፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ይህን ሰዓት ከሌላ አገር አንጻር ስናየው ትርጉሙ ይገለጣል። ካናዳ ውስጥ ጄሮም ድሬይተን በ1975 ያስመዘገበው የወንዶች ማራቶን ክብረ ወሰን 43 ዓመት ቆይቶ በ2018 ቶሮንቶ ላይ በካም ሌቪንስ ተሰበረ። ሌቪንስ በ2023 ቶኪዮ ላይ አሻሽሎት 2:05:36 አደረሰው፤ በአገሩም ታላቅ ክብር አገኘ፣ ይገባዋልም። ሲሳይ ዱባይ ላይ አራተኛ የወጣበት ሰዓት ከዚያ በ20 ሰከንድ ይፈጥናል። አንዱ አገር ታሪክ የሚጻፍበት ሩጫ፣ በሌላው አገር ሯጩን ለብሔራዊ ቡድን እንኳ ላያስመርጠው ይችላል። በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር የምታሰልፈው ሦስት ሰው ብቻ ነውና።

ሲሳይ መውጣቱን ቀጠለ። በ2018 ሊዩብሊያናን በ2:04:58 አሸነፈ። በ2019 በርሊን ላይ ሦስተኛ፣ በ2020 ቶኪዮ ላይ ሦስተኛ፣ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ሦስተኛ። በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን አቋርጦ ወጣ፤ ከሁለት ወር በኋላ ለንደንን በ2:04:01 አሸነፈ። ከቪየናው ድል እስከ ለንደኑ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አልፏል። በ2023 ቫሌንሲያ ላይ 2:01:48፣ በ2024 ቦስተን ላይ 2:06:17 ሮጦ ሁለቱንም አሸነፈ። ለፓሪስም ዳግም የኦሊምፒክ ቡድን ውስጥ ገብቶ ሳለ ጉዳቱ መጣ። ስፖርት ለማንም ምሕረት የለውም፤ ግን ይህ ሰው ከዓመታት ትዕግሥት በኋላ ያገኘውን ቦታ ሲያጣ፣ የተካው ሌላ ኢትዮጵያዊ ወርቅ ማምጣቱ የረድፉን ጥልቀት ከማንኛውም ንግግር በላይ ያሳያል።

ሴቶቹም እንዲሁ ናቸው። ትግስት አሰፋ በ2016 ሪዮ ላይ በ800 ሜትር ተወዳድራ ከማጣሪያው አላለፈችም። ጉዳት መጣ፣ ወደ ጎዳና ሩጫ ተሻገረች። በመጋቢት 2022 ሪያድ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:34:01 ጨረሰች፤ ያንን ሰዓት ያየ ማንም የዓለም ኮከብ አይላትም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በርሊንን በ2:15:37 አሸነፈች፤ በዓመቱ እዚያው 2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ሪያድ ላይ ተስፋ ቆርጦ የተዋት አሠልጣኝ ወይም ማናጀር ቢኖር ኖሮ ዓለም ይህን አያይም ነበር።

ካናዳ ራሷ ለእኛ ሯጮች ከመሰላሉ እርከኖች አንዷ ናት። ደሬሳ ጭምሳ በ2013 ቶሮንቶን በ2:07:05፣ የማነ ፀጋዬ በ2014 ኦታዋን በ2:06:54 አሸንፈዋል። የማነ በቀጣዩ ዓመት በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳልያ ወሰደ። ከኦታዋ እስከ ቤጂንግ የነበረው መንገድ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው፤ ኦታዋን ሳያገኙ የቀሩት ግን የትኛው መድረክ ላይ እንደሚደርሱ ሳይታወቅ ይቀራል።

አሯሯጩ

ሁለተኛው ረድፍ እንጀራ ከሚበላባቸው ሙያዎች አንዱ ማሯሯጥ ነው። አሯሯጭ ከውድድሩ ፊት ሆኖ ነፋሱን ይቀበላል፣ የታዘዘውን ፍጥነት በሰከንድ ይጠብቃል፣ በማራቶን ብዙ ጊዜ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ያደርሳል፤ ከዚያ ወደ ዳር ይወጣል። ስሙ ብዙ ጊዜ ከአሸናፊዎቹ ጋር አይጻፍም፤ ክፍያው በውል ነው። ሥራው ቀላል መስሎ የሚታየው ላልሞከረው ነው። በኪሎ ሜትር ሁለት ሰከንድ የፈጠነ አሯሯጭ ኮከቡን ያቃጥለዋል፤ ሁለት ሰከንድ የዘገየም ክብረ ወሰኑን ያሳጣዋል።

ወርቁ ቢቂላ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ5,000 ሜትር ፍጻሜ ስድስተኛ የወጣ ሯጭ ነበር። የኋላው ዘመን ሯጮች ግን ይበልጥ የሚያስታውሱት ለኃይሌ ገብረሥላሴ የክብረ ወሰን ሩጫዎች ፍጥነት በመያዙ ነው። በሩጫ ያገኘውን አጥብቆ ይዞ ዱከም ላይ ሆቴል ሠራ። ይህ ሁለተኛው ረድፍ በክብር ሊያልቅ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ነው። የብዙዎቹ መጨረሻ ግን እንዲህ አይደለም። በ18 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የመጣ ልጅ በ30 ዓመቱ ጉልበቱ ሲታመም፣ በእጁ ያለው ያረጀ ጫማና ጥቂት የተሳትፎ ሜዳልያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወደ አገሩ ባዶ እጁን መመለስ ስለሚያፍር እዚያው ኮተቤ ይቀራል፤ የጥበቃ ሥራ ይፈልጋል፣ ወይም ባጃጅ ይይዛል። አስተዋይ የሆነ ክለብ ያለው ደግሞ ረዳት አሠልጣኝ ይሆናል።

ሌላው ዓለም ለታችኛው እርከን ምን ሠራ?

አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ቤዝቦል የዚህን ዓይነት ረድፍ በግልጽ ያደራጀ ስፖርት ነው። ከኦንታሪዮ ወይም ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ የወጣ ወጣት ወደ ላይኛው እርከን፣ ወደ ሜጀር ሊግ፣ በቀጥታ የሚገባው ከስንት አንድ ነው። ማይነር ሊግ በሚባሉት በታችኞቹ እርከኖች ለዓመታት በአውቶብስ ከከተማ ከተማ እየተጓዘ ይጫወታል። ዛሬ በሜጀር ሊግ ክለቦች ሥር 120 ቡድኖች በአራት እርከን ተደልድለዋል፤ ለቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ተጫዋቾችን የሚያሳድገው ቫንኩቨር ካናዲያንስ ከእነሱ አንዱ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ላይኛው ሊግ ሳይደርስ ጓንቱን ይሰቅላል።

ለረጅም ዘመን የእነዚህ ልጆች ክፍያ ኑሮን የሚያኖር አልነበረም። ከዚያ ተጫዋቾቹ ተናገሩ፤ ጠበቃ ያዙ፤ ከ2022 ጀምሮ ክለቦቹ መኖሪያ ቤት እንዲያቀርቡ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ማኅበር ሥር ተደራጁ። በመጋቢት 2023 በተደረሰው የመጀመሪያ የጋራ ስምምነት በላይኛው የማይነር ሊግ እርከን ዓመታዊ ክፍያው ከ17,500 ዶላር ወደ 35,800፣ በታችኛው ከ4,800 ወደ 19,800 ከፍ አለ። ልጆቹ ሀብታም አልሆኑም። ግን የታችኛው እርከን ሥራ ሥራ መሆኑ በወረቀት ላይ ታወቀ።

የእኛ አገር መሠረት ክለብ ነው፤ ታሪኩም የሚያኮራ ነው። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ደራርቱ ቱሉ ያደገችው በማረሚያ ቤቶች ክለብ ነው። ዛሬም መቻል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና የፖሊስ ክለቦች ለሯጭ ደመወዝና አሠልጣኝ ይሰጣሉ። ያለ ክለቦቹ እንጦጦ ላይ የሚሮጠው ሰው እጅግ ባነሰ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው ረድፍ የሚፈልገው ከዚህ በላይ ነው፤ የሚፈልገውም የማይቻል ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ የጉዳት ዋስትና ያለው የጽሑፍ ውል። ክለብ ሯጩን ጅማቱ በተበጠሰ ማግሥት ማሰናበት እንዳይችል፣ የሕክምናና የማገገሚያ ወራት በውሉ ይግቡ። ከማናጀር ጋር የሚፈረመውም ሯጩ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ትምህርት። የሯጭ ቀን ከልምምድና ከዕረፍት የሚተርፍ ምሽት አለው። የካ ውስጥ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የማታ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ለክለብ ሯጮች የተመቻቸ የማታ መርሐ ግብር ማዘጋጀት ይቻላል። በ30 ዓመቱ ጫማ የሚሰቅል ሰው ቀጥሎ የሚይዘው ሙያ በእጁ ይኑር።

ሦስተኛ፣ በአገር ውስጥ ሰዓት የሚያስገኝ ውድድር። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላሉ፤ መንገዳቸውም ሜዳ ነው። በእነዚህ ከተሞች በዓለም አቀፍ ደንብ የተለካ የግማሽ ማራቶንና የማራቶን ውድድር በማለዳ፣ በዓመት ሁለቴ ቢካሄድ፣ ማናጀር የሚያምነው ሰዓት ለማግኘት ቪዛ መጠበቅ አይኖርም። ያ ክብ የሚሰበረው እዚህ ነው።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንም ክለቦችም ይህን ለማድረግ አዲስ ጥናት አያስፈልጋቸውም። ፓሪስ ላይ የሆነው ይበቃል። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆኖ በተቀመጠባቸው ሳምንታት ልምምዱን አላቋረጠም፤ ሲጠራ ዝግጁ ነበር። እንጦጦ ላይ ደግሞ ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ላይጠሩም የሚችሉ፣ ግን በየማለዳው ዝግጁ ሆነው የሚነሡ አሉ። ወርቁ የሚመጣው ከእነሱ መካከል ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። ለሚጠራው የምንዘምረውን ያህል ላልተጠራው መተዳደሪያ ማኖር የአገር ግዴታ ነው፤ ግዴታውም ከዚህ ዓመት መጀመር አለበት።